የመኪና ሞዴል ሥራ

የመኪና ሞዴል ሥራ እውነተኛ መኪናን በታወቀ ልክ አሳንሶ፣ ክፍል በክፍል እየቆረጡ፣ እያጣበቁና እየቀቡ የመሥራት የትርፍ ጊዜ ሙያ ነው። ከመጫወቻ መኪና በሁለት ነገር ይለያል። ልኬቱ ከእውነተኛው መኪና የተወሰደ ነው፤ ወደ ሠሪው እጅ የሚገባውም ያለቀለት ዕቃ ሆኖ ሳይሆን በክፍልፋይ ወይም በጥሬ ዕቃ መልክ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሙያ ከልጅነት ጨዋታ የተረፈ ልማድ አድርጎ ይቆጥረዋል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለሚያይ ግን ይህ ግምት አይጸናም። መኪናን በሁሉም ረገድ እኩል ማሳነስ ስለማይቻል ሠሪው በየደረጃው ምኑን ጠብቆ ምኑን እንደሚተው መወሰን አለበት፤ ለመወሰን ደግሞ መኪናውን ማወቅ ግድ ይለዋል። ስለዚህ የመኪና ሞዴል ሥራ የሚቀርበው ለመጫወቻ ሳይሆን ለቴክኒክ ንድፍ ነው፤ በእጅ የሚካሄድ ጥናት ነው ማለት ይቻላል።

አመጣጥ

የሙያው ታሪክ ከመኪና ኢንዱስትሪ ታሪክ ጋር የተጋመደ ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመው ኤ.ኤም.ቲ. ሥራውን የጀመረው የፎርድ አከፋፋዮች ለደንበኞቻቸው የሚያሳዩዋቸውን ትናንሽ መኪኖች በማምረት ነበር። እነዚህ ሞዴሎች አዲሱ መኪና ምን እንደሚመስል ማሳያ ስለነበሩ ቅርጻቸው ከእውነተኛው ጋር መግጠም ነበረበት፤ ትክክለኛ ልኬት በሙያው ውስጥ ሥር የሰደደው በዚህ የንግድ ፍላጎት ምክንያት ነው። በካሊፎርኒያ ሉዊስ ግሌዘር የመሠረቱት ሬቬል ደግሞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጥንታዊ መኪኖችን ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ኪት (የክፍሎች ሳጥን) ለገበያ አቀረበ። ወሳኙ እርምጃ የመጣው ኤ.ኤም.ቲ. በ1958 ባወጣቸው ኪቶች ነው። በአንድ ሳጥን ውስጥ ባሉት ክፍሎች መኪናውን ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ባለቤቱ እንደ ምርጫው እንዳሳመረው ወይም ለውድድር እንደተዘጋጀ አድርጎ መሥራት ይቻል ነበር። ከአንድ ሳጥን ሦስት ዓይነት መኪና መውጣት ከቻለ ሠሪው ከገጣጣሚነት አልፎ መራጭ ሆነ ማለት ነው።

ኢንዱስትሪው ራሱ ለሞዴል ሥራ የሰጠው ክብደትም ሌላ ማስረጃ ነው። የጄኔራል ሞተርስ የቦዲ አምራች ክፍል የነበረው ፊሸር ቦዲ ከ1930 እስከ 1968 ለወጣት ወንዶች የሞዴል ውድድር አካሂዷል። ተወዳዳሪዎቹ መጀመሪያ በናፖሊዮን ዘመን ሠረገላ አምሳል፣ ኋላም ራሳቸው በነደፉት መኪና ይወዳደሩ ነበር፤ ሽልማቱም የትምህርት ዕድል ነበር። በ1947 በአገር አቀፍ ደረጃ ያሸነፉት ቸክ ጆርዳን ከ1986 እስከ 1992 የጄኔራል ሞተርስ የዲዛይን ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ሠርተዋል። ውድድሩ ለኩባንያው ማስታወቂያም እንደነበር መካድ አይቻልም። ሆኖም ኩባንያው የወጣቶችን የዲዛይን ተሰጥኦ ለመለየት የተጠቀመበት መመዘኛ በእጅ የተሠራ ሞዴል መሆኑ አጋጣሚ አይደለም። የመኪና ዲዛይነሮች ቅርጽን በተመጠነ የሸክላ ሞዴልም ይፈትናሉ፤ የፎርሙላ 1 ቡድኖችም በንፋስ መሞከሪያ ዋሻ ውስጥ የሚፈትኑት ከእውነተኛው መኪና ከ60 በመቶ በማይበልጥ ልክ የተሠራ ሞዴል ነው።

በጃፓን የሺዙኦካው ታሚያ ከእንጨት ሥራ ተነሥቶ በዓለም ከታወቁት የኪት አምራቾች አንዱ ሆኗል። በ1967 የሆንዳን አር.ኤ. 273 የፎርሙላ 1 መኪና በ1/12 ልክ አወጣ። በ1976 ለገበያ ላበቃው የፖርሽ 934 ሞዴል ዝግጅት ደግሞ አንድ እውነተኛ ፖርሽ 911 ገዝቶ እስከ መፍታት ደርሷል። ሞዴሉን የሚነድፈው ሰው መኪናውን በፎቶግራፍ ብቻ ሊያውቀው እንደማይችል ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር የለም።

ልክና ውሳኔ

በዚህ ሙያ ውስጥ በብዛት የሚሠራባቸው ልኮች 1/24 እና 1/25 ናቸው። 1/24 ከእንግሊዝ የርዝመት መለኪያ የመጣ ነው፤ በሞዴሉ ላይ ግማሽ ኢንች በመኪናው ላይ አንድ ጫማ ይሆናል። በአሜሪካ ኪቶች የተለመደው 1/25 ነው። ለፎርሙላ 1 መኪኖች 1/20 ይመረጣል፤ የጣሊያኑ ፖከር ደግሞ ከሁለት ሺህ በላይ ክፍሎች ያሏቸውን የሮልስ ሮይስ ሞዴሎች በ1/8 አምርቷል። አራት ሜትር ከሰባት ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ቮልስ ዋገን ቢትል በ1/24 ሲሠራ 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ሒሳቡ ቀላል ማካፈል ይመስላል።

ችግሩ የሚጀምረው ከርዝመት ውጭ ያሉት ነገሮች በዚያው ሒሳብ ስለማይገዙ ነው። ርዝመት በ24 ሲካፈል ይዘት በ24 ኪዩብ፣ ማለትም በ13,824 ይካፈላል፤ ስለዚህ 800 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ቢትል በልኩ ቢቀንስ 58 ግራም ያህል ብቻ ይሆናል። በዚህ ክብደት ጎማ አይረግብም። ሞዴሉ መሬት የያዘ እንዲመስል ሠሪው የጎማውን ሥር በብርጭቆ ወረቀት በትንሹ ጠፍጠፍ ያደርገዋል። የቀለም ነገር ከዚህም ይከብዳል። 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለም በ1/24 ሞዴል ላይ ሲቀባ በእውነተኛ መኪና ላይ ከ2.4 ሚሊ ሜትር ጋር ይስተካከላል። በበርና በቦዲ መካከል ያለው 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሞዴሉ ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ግራና ቀኙ ላይ የሚያርፈው ቀለም ሊደፍነው ይችላል። ስለዚህ ጥንቁቅ ሠሪ ከመቀባቱ በፊት የበሩን መስመር በስለት ጠለቅ አድርጎ ይቀርጻል፤ ትክክል እንዲመስል ከትክክለኛው ልክ ይወጣል ማለት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር የሚወፍር የፕላስቲክ ቦዲም 24 ሚሊ ሜትር ከሚወፍር ላሜራ ጋር እኩል በመሆኑ ለዓይን የሚጋለጡት የጎማ ቤት ጠርዞች ከውስጥ እየተፋቁ ይሳሳሉ። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው የቱ ጠርዝ ለዓይን እንደሚጋለጥ፣ የቱ ክፍተት ለመኪናው መልክ እንደሚሰጥ አስቀድሞ አጥንቷል።

አሠራር

የኪቱ ክፍሎች የቀለጠ ፖሊስታይሪን በከፍተኛ ግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ማውጫ ተገፍቶ የተሠሩና በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ የተያያዙ ናቸው። ሠሪው ይቆርጣቸዋል፣ ቅርጽ ማውጫው የተወውን መስመር ይፍቃል፣ ጎድጓዳውን በስቱኮ ይሞላል። ለፖሊስታይሪን የተዘጋጀው ማጣበቂያ ፕላስቲኩን በጥቂቱ አቅልጦ ሁለቱን ክፍሎች የሚያዋሕድ በመሆኑ የተቀባ ወይም የሚያብረቀርቅ የብረት ልባስ ያለው ገጽ ላይ አይሠራም፤ መጀመሪያ ገጹ መፋቅ አለበት። የሥራው ቅደም ተከተልም ከዚህ ይመነጫል። ሞተሩና ካምቢዮው ለብቻቸው ተቀብተው ሻንሲው ላይ ይቀመጣሉ፤ ወንበሩና ዳሽቦርዱ ይከተላሉ፤ ቦዲው በመሠረት ቀለም፣ በዋና ቀለምና በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ተራ በተራ ተሸፍኖ ከተወለወለ በኋላ መጨረሻ ላይ ይገጠማል። የቀለምና የማጣበቂያ ትነት ጤናን ስለሚጎዳ አየር የሚዘዋወርበት ክፍልና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል።

ትችቶችና መልሶቻቸው

የመጀመሪያው ትችት ኪት አስቀድሞ የታሰበበት ዕቃ ስለሆነ ሠሪው ቁጥር ከመከተል ሌላ ሥራ የለውም የሚል ነው። መመሪያውን ብቻ ተከትሎ የሚሠራ ሰው መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ኪቱም ሰው የወሰናቸውን ማመቻመቾች የያዘ ነው። በብዙ የ1960ዎቹ የአሜሪካ ኪቶች የፊት ጎማዎቹን የሚያገናኘው የብረት ዘንግ ሞተሩን በስቶ ያልፋል፤ ጎማው እንዲሽከረከር ሲባል የሞተሩ እውነተኛ ቅርጽ ተሠውቷል። ይህን ስህተት የሚያየው እውነተኛው መኪና የፊት ጎማውን በምን እንደሚሸከም የሚያውቅ ብቻ ነው። የሚያርመው ደግሞ ቀዳዳውን ደፍኖ የጎማውን መያዣ እንደ አዲስ ሊሠራ ይገባዋል፤ ቁጥር መከተል እዚህ ላይ ያበቃል።

ሁለተኛው ትችት ያለቀለት የብረት ሞዴል በሱቅ በሚሸጥበት፣ ክፍሎችም በባለ ሦስት አውታር (3D) ማተሚያ በሚታተሙበት ዘመን የእጅ ሥራ ትርጉም አጥቷል ይላል። ዕቃውን ለማግኘት ብቻ ከሆነ ትችቱ ልክ ነው። ያለቀለት ሞዴል ግን መኪናውን ለዓይን ያሳያል እንጂ ካርቡራተሩ የት ላይ እንደሚቀመጥና ለምን እዚያ እንደሚቀመጥ አያስጠናም። ማተሚያውም ቢሆን ዕውቀቱን አልተካውም፤ በኮምፒዩተር ክፍሉን የሚነድፈው ሰው ልኩን ማወቅ፣ የታተመውን ክፍል ደርብርብ መስመሮች ማለስለስና ቀለሙን መምረጥ አሁንም ይጠበቅበታል። የተለወጠው መሣሪያው ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ሦስተኛው ትችት ሙያው የባለጸጋ አገር ቅንጦት ነው የሚለው ነው። ኪቱ፣ ቀለሙና የቀለም መርጫው ዋጋ አላቸው፤ ሠርተው ከሚጨርሱት በላይ ሳጥን የሚያከማቹ አፍቃሪዎችም ጥቂት አይደሉም። ይህ የሙያው እውነተኛ ድክመት ነው፤ መግዛት መሥራትን ሲተካ ጥናት መሆኑ ይቀራል። ሆኖም ኪት የሙያው መነሻ አይደለም። የፊሸር ቦዲ ተወዳዳሪዎች መኪናቸውን የሠሩት ከእንጨትና ከመሰል ጥሬ ዕቃ ነበር። በኢትዮጵያም ልጆች ከሽቦ፣ ከቆርቆሮና ከቆርኪ መኪና ይሠራሉ፤ መሪው ከፊት ጎማው ጋር ተያይዞ እንዲጠመዝዝ የሚያደርግ ልጅ የመኪናን አሠራር በራሱ ዓይን አንብቧል። የሽቦ መኪና በልኬት የተመጠነ ስላልሆነ በጥብቅ ትርጉሙ ሞዴል አይባልም፤ የጎደለው ግን ገንዘብ ሳይሆን ማስመሪያና የማካፈል ሒሳብ ነው።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ የሞዴልን መመዘኛ ይለውጣል። ጥሩ ሞዴል የሚባለው ብዙ ክፍል ያለው ወይም ውድ የሆነው ሳይሆን፣ ሠሪው የጠበቀውንና የተወውን በምክንያት ሊያስረዳ የሚችልበት ነው። ይህ መመዘኛ ከተያዘ የሞዴል ሥራ ልኬትን፣ የቁሳቁስ ጠባይንና የአሠራር ቅደም ተከተልን በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስተምር በመሆኑ በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ውስጥ ከንድፍ ጎን ቦታ ሊሰጠው ይገባል፤ ካርቶን፣ ማስመሪያና ምላጭ ለመጀመር ይበቃሉ።