ሁለቱንም ወገን ያታለለ ደብዳቤ

ሃይማኖት ሲነሣ ክርክር፣ ክርክር ሲነሣም ምስክር መጠራቱ የትም አገር ያለ ነው። በአሜሪካ የተወለደው የሞርሞኖች እምነት ግን አንድ የሚለይበት ነገር አለ። የተነሣው ማተሚያ ቤትና ጋዜጣ፣ ፍርድ ቤትና የውል ሰነድ በተስፋፋበት ዘመን በመሆኑ፣ ወዳጁም ጠላቱም ገና ከጅምሩ ወረቀት ይዞ ሲሟገት ኖሯል። ይህ ጽሑፍ እምነቱ እውነት ነው ወይም ሐሰት ነው ለማለት አልተነሣም፤ ያ የየሰው ኅሊና ጉዳይ ነው። የምንመለከተው ሁለቱ ተከራካሪዎች ከ150 ዓመት በላይ ማስረጃን እንዴት እንደ ያዙት፣ አንድ አታላይም አያያዛቸውን አጥንቶ እንዴት እንደ ተጫወተባቸው ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ነው። ጆሴፍ ስሚዝ የተባለ የገበሬ ልጅ፣ መልአክ ተገልጦለት በኮረብታ ላይ የተቀበሩ የወርቅ ሰሌዳዎችን እንዳሳየው፣ በ1827 እንደ ተረከባቸውና በእግዚአብሔር ኃይል እንደ ተረጐማቸው ተናገረ። ትርጉሙ በ1830 «መጽሐፈ ሞርሞን» ተብሎ ታተመ፤ በዚያው ዓመትም ቤተ ክርስቲያኑ ተመሠረተ። ሰሌዳዎቹ ዛሬ የት አሉ ቢባል፣ መልአኩ መልሶ ወስዷቸዋል ነው መልሱ። ሆኖም 11 ሰዎች «አይተናል» ብለው የሰጡት ቃል ከመጽሐፉ ጋር ታትሟል። የእምነቱ ጠበቆች፣ ከምስክሮቹ መካከል ኋላ ከስሚዝ ጋር ተጣልተው የወጡ መኖራቸውን፣ ነገር ግን ያዩትን አለመካዳቸውን ያነሣሉ። ነቃፊዎች ደግሞ፣ ምስክሮቹ አብዛኞቹ በዝምድናና በጉርብትና የተሳሰሩ ናቸው፤ ያዩትም በዐይነ ሥጋ ይሁን በዐይነ መንፈስ አልተለየም ብለው ይመልሳሉ።

ከዚያ ዘመን አንድ ጉዞ ልጥቀስ። በ1828 ማርቲን ሃሪስ የተባለ ባለሀብት ገበሬ፣ ከሰሌዳዎቹ ተቀዳ የተባለ ፊደል በወረቀት ይዞ ወደ ኒውዮርክ ከተማ ሄደ፤ በኮሎምቢያ ኮሌጅ ያስተምሩ ለነበሩት ለቻርልስ አንቶንም አሳያቸው። ሃሪስ ተመልሶ የተናገረው፣ ምሁሩ ፊደሉ እውነተኛ ነው ብለው የማረጋገጫ ወረቀት ጽፈው እንደ ሰጡት፣ መልአክ ገለጠው ሲላቸው ግን ተቀብለው እንደ ቀደዱት ነው። አንቶን በበኩላቸው በ1834 እና በ1841 በጻፏቸው ደብዳቤዎች፣ ነገሩ ማታለያ መሆኑን ነግሬ ሰውየውን አስጠንቅቄዋለሁ ብለዋል። ይሁን እንጂ የአንቶን ደብዳቤዎች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፤ በአንዱ በጽሑፍ አስተያየት አልሰጠሁም ሲሉ በሌላው ሰጥቻለሁ ይላሉ። እንግዲህ አንድ ክፍል፣ አንድ ቀን፣ ሁለት ሰዎች፤ ቃሉ ግን ሦስት ዓይነት ነው። አንቶን ወረቀቱ ፊደል በአምድ በአምድ የተደረደረበትና ክብ ሥዕል ያለበት እንደ ነበር ጽፈዋል። ይህን ገለጻ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

በ1835 ደግሞ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር ስሚዝና ተከታዮቹ አራት የደረቁ የግብጽ ሬሳዎችንና ከደንገል የተሠሩ ጥንታውያን ጥቅልሎችን በ2,400 ዶላር ገዙ። ስሚዝ አንዱ ጥቅልል የአብርሃምን ጽሑፍ ይዟል አለ፤ ትርጉም የተባለውም በ1842 «መጽሐፈ አብርሃም» ተብሎ ወጣ። በ1844 ስሚዝ በእስር ቤት ሳለ በተሰበሰበ ሕዝብ ተገደለ። ጥቅልሎቹ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፈው በ1871 የቺካጎ ቃጠሎ ጠፍተዋል ተብሎ ታመነ። ነገር ግን በ1960ዎቹ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት የግብጹ ቅብጥ ክርስቲያን አዚዝ ሱርያል አትያ፣ የእኛንም ቤተ ክርስቲያን ታሪክ በምሥራቅ ክርስትና ታሪካቸው ውስጥ የጻፉት ምሁር፣ ቁርጥራጮቹን በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም አገኟቸው። ሙዚየሙም በኅዳር 1967 ለቤተ ክርስቲያኒቱ አስረከበ።

የግብጽን ጽሑፍ የሚያውቁ ሊቃውንት ሲያነቡት ከሙታን ጋር የሚቀበር የጸሎት ጽሑፍ ሆኖ ተገኘ፤ አብርሃም አልተጠቀሰበትም። ነቃፊዎች «አለቀ» አሉ። የእምነቱ ጠበቆች ሁለት መልስ ሰጡ። አንዳንዶቹ፣ የተገኘው ቁርጥራጭ ብቻ ነው፤ የአብርሃም ጽሑፍ ከጠፋው ክፍል ነበረ አሉ። ሌሎቹ፣ ጥቅልሉ ለራእዩ መነሻ ሆነ እንጂ ቃል በቃል የተተረጐመ አይደለም አሉ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ በ2014 ባወጣችው ጽሑፍ፣ በቁርጥራጮቹ ላይ ያለው ፊደል ከመጽሐፉ ትርጉም ጋር እንደማይገጥም ሞርሞን የሆኑትም ያልሆኑትም የግብጽ ሊቃውንት መስማማታቸውን ገልጻለች። ይህን ለማመን 47 ዓመት ፈጀ፤ ሆኖም የማይጥምን እውነት በራስ እጅ መጻፍ ቀላል እንዳልሆነ መዘንጋት አይገባም።

እዚህ ላይ ነቃፊዎችም የራሳቸው ፈተና ገጠማቸው። ቁርጥራጮቹን ቀድመው ካነበቡትና ለነቃፊዎች ወገን ከጻፉት አንዱ ዲ ጄ ኔልሰን ይባላል። ዶክተር ነኝ እያለ በየአዳራሹ ንግግር ያደርግ ነበር። ኋላ ግን ሞርሞኖች ሲያጣሩ የዶክተርነቱ ወረቀት ዋጋ የሌለው ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ዋሽቷል። ግን ሰውየው መዋሸቱ ጥቅልሉን የአብርሃም ያደርገዋልን? አያደርገውም፤ እውነተኛ ሊቃውንትም ያነበቡት ያንኑ ነውና። የሰው ታማኝነት አንድ ሚዛን ነው፤ የማስረጃው ጥንካሬ ሌላ ሚዛን ነው። ሁለቱን የሚያደባልቅ ዳኛ ወይ ውሸታሙን ነፃ ይለቃል፣ ወይ እውነቱን ከውሸታሙ ጋር ያስራል።

አሁን ወደ አታላዩ እንምጣ። ማርክ ሆፍማን በ1954 በሞርሞን ቤተሰብ የተወለደ፣ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ የሰበከ፣ ጭምት መሳይ ሰው ነበር። በውስጡ ግን እምነቱን ከተወ ቆይቷል። በ1980 በአንድ አሮጌ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተጣብቆ አገኘሁት ያለውን ወረቀት ይዞ ብቅ አለ። ወረቀቱ ማርቲን ሃሪስ ለአንቶን ያሳየው ነው ተባለ። ፊደሉ በአምድ ተደርድሯል፤ ክቡም ሥዕል አለ። አንቶን ከጻፉት ጋር አንድ ለአንድ ገጠመ! ብዙ ምእመናን ተደሰቱ። መግጠሙ ግን የሚያስገርም አልነበረም፤ ሆፍማን የሠራው የአንቶንን ደብዳቤ ከፊቱ አስቀምጦ ነውና።

ከዚህ በኋላ ለሁለቱም ወገን ይሠራ ጀመር። ለአማኙ የሚያስደስተውን፣ ለነቃፊውም የሚያስፈነድቀውን ያቀርባል፤ ገንዘቡንም ይቀበላል። ከሁሉ የታወቀው በ1984 መጀመሪያ ስቲቨን ክሪስተንሰን የተባለ የሶልት ሌክ ሲቲ ነጋዴ በ40,000 ዶላር የገዛው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ማርቲን ሃሪስ በ1830 ጻፈው ይላል። ሰሌዳዎቹን ይጠብቅ የነበረው ግን መልአክ መሆኑ ቀርቶ፣ ከነጭ እንሽላሊት መሳይ ፍጡር፣ እነርሱ «ሳላማንደር» ከሚሉት፣ የተለወጠ መንፈስ ሆኖ ተጽፏል። ስመ ጥር የሰነድ መርማሪዎች አዩት፤ የሐሰት ምልክት አላገኘንበትም አሉ። ከዚህ ወዲያ የሆነው ነገር ያስተዛዝባል። ነቃፊዎች ደብዳቤውን እንደ ድል ሰንደቅ አነሡት። ከእምነቱ ጠበቆች ወገን ደግሞ፣ በዚያ ዘመን ቃሉ በእሳት ውስጥ የሚኖር ፍጡር ማለትም ነበር፤ ለመልአክም ሊስማማ ይችላል የሚል ማብራሪያ መጣ። አንዱ በሐሰት ወረቀት ሲያጠቃ፣ ሌላው ለሐሰት ወረቀት ትርጓሜ ይሰጥ ነበር።

ከነቃፊዎቹ መካከል ግን አንድ ሰው ቆም አለ። ጄራልድ ታነር ከሞርሞንነት የወጣ፣ ከባለቤቱ ከሳንድራ ጋር ቤተ ክርስቲያኒቱን የሚነቅፉ ጽሑፎችን በማሳተም ዕድሜውን ያሳለፈ ሰው ነው። ያ ደብዳቤ ለእርሱ ከሰማይ የወረደ ስጦታ መሆን ነበረበት። ሆኖም ሲያነበው በ1834 የታተመ አንድ የተቃዋሚዎች መጽሐፍ ትዝ አለው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ እንቁራሪት የሚመስል ነገር ወደ ሰው ተለወጠ የሚል ወሬ አለ። ሌሎቹ መመሳሰሉን የእውነተኛነት ምልክት ሲያደርጉት፣ ታነር ደብዳቤው ከመጽሐፉ ተቀድቶ ይሆን ብሎ ጠረጠረ፤ በመጋቢት 1984ም ጥርጣሬውን በራሱ ጋዜጣ አወጣ። ሚስቱ እንኳ በመጀመሪያ አልተስማማችም። ወዳጆቹ ተከፉ። እርሱ ግን ለጠላቴ የምጠይቀውን ለራሴም እጠይቃለሁ በሚል መንገድ ጸና።

የሆፍማን ዕዳ ተከመረ። «የማክለሊን ስብስብ» እያለ ሊሸጥ ቃል የገባባቸው ሰነዶች በእጁ አልነበሩም። ቀኑ ሲደርስበት በጥቅምት 15 ቀን 1985 ባጠመደው ቦምብ ክሪስተንሰንን ገደለ፤ በዚያው ቀን በሌላ ቦምብ የሰውየውን የቀድሞ የንግድ ባልደረባ ሚስት ገደለ። በማግስቱ ሦስተኛው ቦምብ በራሱ መኪና ውስጥ ፈንድቶ አቆሰለው። ከዚያም የውሸት መመርመሪያ በሚባለው መሣሪያ ላይ ተቀምጦ ሲጠየቅ «እውነተኛ ነው» ተብሎ አለፈ!

ያጋለጠው ቀለሙ ነው። የእኛ ደብተራዎች ጥቁር ቀለም ከጥላሸት ይሠራል፤ ያ የአሜሪካውያን የድሮ ቀለም ግን ከዛፍ እባጭና ከብረት ጨው ተቀምሞ ከግራር በሚወጣ ሙጫ ይወፍራል። ሆፍማን ቀለሙን በሰው ሠራሽ መንገድ ሲያስረጀው ሙጫው ተሰነጣጠቀ። ጆርጅ ትሮክሞርተንና ዊልያም ፍሊን የተባሉ መርማሪዎች በማጉሊያ መነጽር ሲያዩት እንደ አዞ ቆዳ ተሰነጣጥቆ አገኙት፤ በእውነተኞቹ የዘመኑ ሰነዶች ላይ እንዲያ ያለ ነገር የለም። በጥር 1987 ሆፍማን ጥፋቱን አመነ፤ ዕድሜ ልክም ተፈረደበት።

ውድ አንባብያን፤ ይህን ታሪክ ለስደት ሰፈር ሰው መንገር ለምን አስፈለገ ትሉ ይሆናል። እኛ ቃላችን በጠረጴዛ ማዶ የሚመዘን ሰዎች ነን። ቀን የተሳሳተ፣ ወረቀት የጠፋበት፣ ሁለት ጊዜ ሲጠየቅ ሁለት ዓይነት የመለሰ ሁሉ ውሸታም አይደለም፤ የአንቶን ደብዳቤዎችም ተጋጭተዋል። በአንጻሩ ቃሉ ሳይንገዳገድ፣ ወረቀቱ ሳይጎድል የሚቀርብ ሁሉ እውነተኛ አይደለም፤ ሆፍማን መሣሪያውንም ሊቃውንቱንም አልፏል።

ነገር ግን እኛም ተመዛኞች ብቻ አይደለንም፤ መዛኞችም ነን። እገሌ ሰላይ ነው፣ እገሌ ወገኑን ሸጧል የሚል ወረቀት ከድንኳን ድንኳን ሲዞር እናውቃለን። ወረቀቱ የምንጠላውን ሰው ሲከስ ቀለሙን የሚመረምር ማን ነው? የምንወደውን ሲነካ ግን ሁላችንም መርማሪ እንሆናለን። በእንዲህ ያለ ወረቀት ሰው ይገለላል፣ ይደበደባል፣ ከዚያም ይብሳል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ ግን ሁለቱ የሶልት ሌክ ሲቲ ሟቾች እስኪጠራ ድረስ አልቆዩም። ደብዳቤ ሲመጣልን፣ ይልቁንም ደስ የሚለን ሲመጣ፣ የታነርን ጥያቄ እናንሣ፤ ይህ ወረቀት እኛ መስማት የምንፈልገውን አስቀድሞ በሚያውቅ ሰው የተጻፈ ቢሆንስ?