ዳግም የማዘዣ ነጥብ
የአንድ ዕቃ ክምችት ወርዶ ሲደርስበት አዲስ ትእዛዝ መሰጠት ያለበት መጠን። በአንድ ጊዜ ምን ያህል ይታዘዝ ለሚለው ጥያቄ አሜሪካዊው ፎርድ ሃሪስ በ1913 እ.ኤ.አ. ቀመር አውጥቷል፤ መቼ ይታዘዝ የሚለውን ከዚያ ጋር ያቀናጀው አር. ኤች. ዊልሰን ሲሆን ጽሑፉ የወጣው በ1934 ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የቀን ሽያጭ ዕቃው እስኪደርስ በሚፈጀው ቀን ይባዛና መጠባበቂያ ይታከልበታል። ከአዲስ አበባ በርበሬ እያስመጣ ዋሽንግተን ላይ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሱቅ በቀን 4 ጥቅል ቢሸጥ፣ ጭነቱ በ15 ቀን ቢደርስና 20 ጥቅል መጠባበቂያ ቢይዝ ነጥቡ 80 ይሆናል። አስቸጋሪው መጠባበቂያውን መወሰን ነው፤ ጉምሩክ ላይ የሚቆም ጭነትና የፋሲካ ሰሞን ገበያ ለአማካይ ቁጥር አይገዙም።

የሱቅ ሶፍትዌሮች ዕቃ ሲያንስ ለባለቤቱ በኢሜይል ያሳውቃሉ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ዉኮሜርስ ሲጫን ግን የማስጠንቀቂያው መጠን 2 ነው፤ ካልተቀየረ ለበርበሬው ሱቅ መልእክቱ የሚደርሰው የግማሽ ቀን ገበያ ብቻ ሲቀረው ነው፤ እንዲህ ያለው ማስጠንቀቂያ ከመርዶ አይሻልም። ክምችቱ ከነጥቡ ጋር ሲነጻጸር ታዝዞ በመንገድ ላይ ያለ ዕቃም በእጅ ካለው ጋር ይደመራል፤ አለዚያ ያው ጭነት ሁለቴ ይታዘዛል።