የግራናዳ ሁለት አርማዎችና የመታሰቢያ ወረቀቶች

በአንዳሉስ የመጨረሻው ኢስላማዊ መንግሥት መዲና በነበረችው በግራናዳ፣ ለጎብኚ በሚሸጡ የፖስታ ካርዶች፣ ደብተሮችና የደብዳቤ ወረቀቶች ላይ ሁለት ምልክቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው የሮማን ፍሬ ነው፤ ሁለተኛው «ወላ ጋሊበ ኢለላህ»፣ ማለትም «ከአላህ በቀር አሸናፊ የለም» የሚለው የበኑ ነስር ሱልጧኖች መፈክር ነው። ጎን ለጎን ሲታተሙ የአንድ ቤት ጌጦች ይመስላሉ፤ አይደሉም።

«ግራናዳ» በስፓንኛ ሮማን ማለት ነው። ፈርዲናንድና ኢዛቤላ እ.ኤ.አ. በጥር 1492 ከተማይቱን ከተረከቡ በኋላ ፍሬውን በመንግሥታቸው አርማ ግርጌ አስገቡት፤ ዛሬም በስፔን ብሔራዊ አርማ ላይ ይታያል። ስለዚህ የድል አድራጊው ምልክት ነው።

የመፈክሩ ነገር ሰፋ ያለ ነው። የሥርወ መንግሥቱ መሥራች ሙሐመድ ኢብን አል-አሕመር እ.ኤ.አ. በ1248 ከኢሽቢሊያ ሲመለስ ሕዝቡ «አሸናፊው!» እያለ ቢቀበለው በዚህ ቃል መለሰ ተብሎ ይተረካል። ትረካው ልብ ይነካል፤ በየመድረሳውም ይወደዳል። ይሁንና ሱልጧኑ ወደዚያ የዘመተው የካስቲል ንጉሥ ገባር ሆኖ፣ የሙስሊሞችን ከተማ በመክበብ ሊያግዝ ነበር። ይህን ሳይጨምሩ ለደረሳ ማስተማር ታሪኩን መጉመድ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሙሐመድ 5ኛ ቃሉን በጋሻ ላይ በሰያፍ መቀነት አስጽፎ በአል-ሐምራእ ግድግዳዎች አስቀረጸው፤ የመቀነቱ ቅርጽ ራሱ ከካስቲል የፈረሰኞች ማኅበር የመጣ እንደሆነ ብዙ ተመራማሪዎች ይናገራሉ።

ለመታሰቢያ ወረቀት ነዳፊ ግን ከሁለቱም የሚቀርብ ሌላ ቅርስ አለ። የበኑ ነስር ጽሕፈት ቤት ለነገሥታት የሚላከውን ደብዳቤ በቀይ ወረቀት ላይ ይጽፍ ነበር፤ ከእነዚህ መካከል በባርሴሎና በሚገኘው የአራጎን ዘውድ ቤተ መዛግብት ተጠብቀው የቆዩ አሉ። ስለዚህ ቅርስ የሚያነሣ ሰው ማነሱ ይገርመኛል።

የአላህን ስም በደብዳቤ ላይ ማኖር እንግዳ ነገር አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ለነገሥታት ሲጽፉ «ሙሐመድ ረሱሉላህ» የተቀረጸበት የብር ቀለበት ማኅተማቸው ነበር፤ ቀለበቱም ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ በዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን በአሪስ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ጠፋ። ጥያቄው ወረቀቱ የት ያበቃል የሚለው ነው። የፖስታ ሽፋን ተቀዶ ይጣላል፤ በእግርም ይረገጣል። መፈክሩን በመድረሳ የምስክር ወረቀት ወይም ተጠርዞ በሚቀመጥ መጽሐፍ ላይ ማሳተም ያስደስተኛል፤ ለፖስታ ሽፋን ግን ቀዩ ቀለም ብቻውን ይበቃል።