ከአይጠየፍ አዳራሽ እስከ መንገድ ዳር ምግብ ቤት፦ የአሳላፊነት ማዕረግ ወዴት ሄደ?

(ለሕዝብ ከቀረበ ገለጻ የተወሰደ)



ዛሬ የምናገረው ከአንድ ምሳ ተነሥቼ ነው። ባለፈው ዓመት ከውጭ አገር የመጡ ሁለት የታሪክ መምህራንን ይዤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወረድሁ። ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ጨርሰን፣ ለጎብኚዎች ተብሎ ከተሰናዳ አንድ ምግብ ቤት ገባን። ግድግዳው በመሶብና በአገልግል ያጌጠ ነበር። ተቀምጠን ሩብ ሰዓት ያህል ያነጋገረን ሰው አልነበረም። የምግብ ዝርዝሩ በመጣ ጊዜ ካዘዝነው ግማሹ የለም ተባልን። ውሃው የደረሰው ከምግቡ በኋላ ነው። ምግቡ ግን እውነት ለመናገር እጅግ ግሩም ነበር፤ እንግዶቼ የበግ ጥብሱን ንግግር አቁመው በሉት።

ሂሳቡ በዘገየ ጊዜ እኔም እንደ ልማዳችን እጄን አጨበጨብሁ። ደግሜም አጨበጨብሁ። ወጣቱ አስተናጋጅ ቀርቦ «አቤት መምህር» አለኝ። ቀና ብዬ ባየው፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ትምህርት ክፍል ያስተማርሁት ተማሪዬ ነው።

ምግቡ እንዲህ ያማረበት ቤት መስተንግዶው ስለ ምን ጎደለ? የተለመደው መልስ «እንግዳ ተቀባይነታችን ጠፋ» የሚል ነው። እኔ ይህን መልስ አልቀበለውም። በዚያው ቤት ጥግ ላይ ረከቦቷን ዘርግታ የተቀመጠችው ሴት ዕጣኗን አጢሳ፣ ፈንድሻዋን አቅርባ፣ እንግዶቼን በዓይኗ እየተከታተለች አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን በሥርዓቱ አጠጥታናለች። ስለዚህ እንግዳ ተቀባይነት ከቤቱ አልጠፋም። የጎደለው ከገበታው ዘንድ ነው። ጥያቄው የታሪክ ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ደሴ የግብር ከተማ ናት። በ1906 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ዛሬም ቆሞ ይታያል። ስሙ ራሱ ማንንም የማይጸየፍ፣ ሁሉን የሚያበላ ማለት ነው። እስላምና ክርስቲያን ተጋብቶና ተዛምዶ በሚኖርበት በወሎ፣ ለሁለቱም እንደየሥርዓቱ ገበታ ማቅረብ ቀላል ጥበብ አልነበረም። ይህን ጥበብ የሚመሩትም ባለማዕረጎች ነበሩ። በአገራችን የቤተ መንግሥት ሥርዓት ሊጋባው እንግዳን ከንጉሥ ፊት ያቀርባል፤ አጋፋሪው ተጋባዡን እንደ ደረጃው ያስገባል፤ አዛዡ ጓዳውን ያዝዛል፤ እንጀራ አሳላፊውና ጠጅ አሳላፊው ማን መቼ ምን እንደሚቀርብለት ያውቃሉ። እንግዳን ማስቀመጥና ማሳለፍ ሹመት ነበር።

ይሁን እንጂ ያንን ዘመን ማሳመር አይገባኝም። በግብር አዳራሽ መኳንንቱ ቀድመው፣ ጭፍራው ተከትሎ ይበላ ነበር። ውሃ የሚቀዱት፣ እህል የሚፈጩት፣ እንጨት የሚሸከሙት ብዙዎቹ ባሮችና ገረዶች ነበሩ። እንግዲህ አገልግሎት በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ገጽታ ነበረው፤ በአንድ በኩል ማዕረግ፣ በሌላ በኩል ባርነት። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሻረ። የቤተ መንግሥቱ ማዕረግ ደግሞ በ1967 ዓ.ም. ከዘውዱ ጋር አከተመ። ነገር ግን ሁለቱ ሲሄዱ በሕዝብ ልብ እኩል አልተረሱም። የአሳላፊነት ክብር ተረሳ፤ የሎሌነት ጥላ ግን ትሪ በሚሸከመው ሰው ላይ ቀረ። የዛሬው ገለጻዬ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው።

ይህ እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት ሁለት ነገሮችን ልጨምር። አንደኛው ገንዘብ ነው። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን በከፈቱ ጊዜ ሰው ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላትን እንደ ነውር ቆጥሮ ሸሸ፤ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ሄደው፣ በልተውና ከፍለው አስለመዱት እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ትረካው የሚያስተምረው አንድ ነገር አለ፤ እንጀራ መሸጥ በኛ ዘንድ የሚያሳፍር ሥራ ሆኖ ጀመረ። ወጡ ግን ከዚህ እፍረት አመለጠ። ሙያ ከእናት ወደ ልጅ በጓዳ ሲወርድ ስለ ኖረ፣ ምግብ ቤት ሲከፈት ባለሙያዋ ሙያዋን ይዛ ገባች። አሳላፊው ይዞት የሚገባ ውርስ አልነበረውም። ከምግብ በፊት እጅ ማስታጠብ እንኳ፣ አስተናጋጁና እንግዳው መጀመሪያ ፊት ለፊት የሚተያዩበት ያ ሥርዓት፣ በግድግዳ ላይ በተተከለ ቧንቧ ተተካ።

ሁለተኛው መንገድ ነው። ጣሊያን በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ደሴን ከያዘ በኋላ የሠራቸው መንገዶች አዲስ አበባን፣ አሥመራንና አሰብን በዚህ አካባቢ አገናኙ። ኮምቦልቻ የአሰብ መንገድ መገንጠያ ሆነች። በመንገዱ ዳር የተስፋፉት ቡና ቤቶች «አስተናጋጅ» የሚለውን መልካም ቃል የሽሙጥ ስም አደረጉት፤ ከሁሉ በላይ የተጎዱትም እዚያ ያገለገሉ ሴቶች ናቸው። ያም ሆኖ የከባድ መኪና ሾፌር ተመላላሽ ደንበኛ ነበር፤ ቢከፋው በሚቀጥለው ጉዞ ከጎረቤት ቤት ያቆማል። በ1990 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት የአሰብ መስመር ሲዘጋ ይህ ደንበኛ ቀረ። ወደ ላሊበላ የሚያልፈው ጎብኚ ግን አንድ ጊዜ በልቶ አይመለስም። ወጡን የአገሬው ሰው በየቀኑ እየቀመሰ ይፈርድበታል፤ የጎብኚውን መስተንግዶ ግን የሚፈርድበት የለም።

«ሥልጠና ይሰጥ» የሚል አስተያየት እሰማለሁ። መልካም ነው። ነገር ግን ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ የሆቴልና የቱሪዝም ማሠልጠኛ አለ። ሥልጠና የትሪ አያያዝን ያስተምራል፤ ትሪ መያዝ የሚያስከብር ሥራ መሆኑን ግን ደመወዝና ማኅበረሰብ ናቸው የሚመሰክሩት። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ይደነግጋል፤ ይህ ድንጋጌ ከምግብ ቤቱ ትሪ ጋር የቀጥታ ዝምድና አለው።

በዚያ ዕለት ተማሪዬን ስለ ኑሮው ጠየቅሁት። የሚኖረው በደመወዙ ሳይሆን በጉርሻ እንደሆነ ነገረኝ። ቀጥሎም፣ «መምህር፣ ወጥ ሠሪዋ ልሂድ ብትል ባለቤቱ ተከትሎ ይለምናታል። እኔ ብሄድ ነገ ሌላ ልጅ እዚህ ይቆማል» አለኝ። ያን ያህል ዓመት የቤተ መንግሥት ማዕረጋትን ሳስተምር፣ ሊጋባና አጋፋሪ የሚሉትን ቃላት ለፈተና የሚጠና ዝርዝር አድርጌ ማስተማሬ ያን ጊዜ ታወሰኝ። እርሱም አጥንቷቸው ነበር፤ ጥሩ ውጤትም አግኝቶባቸዋል። እርሱ የቆመበት ስፍራ የእነዚያ ሰዎች ስፍራ እንደነበረ ግን አልነገርሁትም።

እጄን ማጨብጨብ ትቻለሁ። ይህ የኔ የግል ጉዳይ ነው። ከእናንተ የምጠይቀው የጥናት ሥራ ነው፦ በደሴና በኮምቦልቻ በግብር አዳራሽ፣ በመንገድ ዳር ሆቴልና በቡና ቤት ያገለገሉ አረጋውያን ዛሬም በሕይወት አሉና፣ ቃላቸውን ሰብስቡ። የነገሥታቱን ገበታ ጽፈናል፤ ገበታውን ያቀረቡት ሰዎች ታሪክ ግን ገና አልተጻፈም።