ሐሰተኛው የራስ ቅል

ወጣቶች ሆይ፤ የሰው ልጅ ከየት መጣ የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር አንዱ ወገን በመጽሐፍ፥ ሁለተኛው ወገን በዐጥንት ይምላል። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ስለ ሆንሁ ለብዙ ዘመን የመጀመሪያው ወገን ጠበቃ ነበርሁ። የታሪክ አስተማሪ በነበርሁባቸው ዓመታትም ከእጄ የማይለይ አንድ ዱላ ነበረኝ፤ እርሱም የፒልትዳውን ነገር ነው። ተማሪ ስለ ዝግመተ ለውጥ የጠየቀኝ እንደ ሆነ፥ «ሊቃውንቱ ራሳቸው ዐጥንት ሞርደው፥ ቀለም ቀብተው ዓለምን ያታለሉ አይደሉምን?» እልና ክፍሉን አስቄ ጥያቄውን እዘጋው ነበር።

አንድ ቀን ከኋላ የሚቀመጥ፥ ብዙ የማይናገር ልጅ እጁን አወጣና «ጋሼ፥ ውሸቱን ማን ያዘው?» አለኝ። መልሱን ዐውቀው ነበር። ነገር ግን «ተቀመጥ፤ ትምህርቱን አታበላሽ» አልሁት። ልጁም ተቀመጠ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም ዳግመኛ እጁን አላወጣም።

ለእርሱ ያልነገርሁትን ለእናንተ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በታኅሣሥ ወር 1912 ቻርልስ ዳውሰን የተባለ ጠበቃ፥ በደቡብ እንግሊዝ አገር ፒልትዳውን ከሚባል መንደር አጠገብ ከጠጠር ጉድጓድ አገኘሁት ያለውን የራስ ቅል ስባሪና የመንጋጋ ዐጥንት ይዞ፥ የብሪቲሽ ሙዚየም ሹም ከነበሩት ከአርተር ስሚዝ ውድዋርድ ጋራ በለንደን የጂኦሎጂ ማኅበር ፊት ቀረበ። ቅሉ እንደ ሰው ሰፊ፥ መንጋጋው ግን እንደ ዝንጀሮ ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ የእንግሊዝ ሊቃውንት የሰው አንጎል አስቀድሞ አድጎ ሌላው አካሉ በኋላ ተከተለ ብለው ያስቡ ነበርና ዐጥንቱ ልክ የተመኙትን ነገራቸው። በዚያም ላይ ጀርመንና ፈረንሳይ የየራሳቸውን ጥንታዊ ዐጥንት አግኝተው ስለ ነበር፥ የመጀመሪያው ሰው እንግሊዛዊ ቢሆን የሚጠላ አልነበረም። ዴቪድ ዋተርስተን የተባሉ የአናቶሚ መምህር በ1913 ቅሉና መንጋጋው የአንድ ፍጡር አይደሉም ብለው ጻፉ፤ የሰማቸው ግን ጥቂት ነው። በ1914 ከዚያው ስፍራ የክሪኬት መጫወቻ ዱላ የሚመስል የዝሆን ዐጥንት ወጣ። ይኸን እያዩ አለመሳቃቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ውሸት እውነት የሚቀመጥበትን ወንበር ይዞ ይቈያል። በ1924 በደቡብ አፍሪቃ ታውንግ ከተባለ ስፍራ የሕፃን ራስ ቅል ተገኘ። ሬይመንድ ዳርት በሚከተለው ዓመት፥ ይህ ፍጡር አንጎሉ ትንሽ ቢሆንም ቀጥ ብሎ ይሄድ የነበረና ወደ ሰው የሚጠጋ ነው ብለው ጻፉ። የፒልትዳውን ቅል ግን ከዚህ ተቃራኒውን ይመሰክር ነበር። ስመ ጥሩው ሰር አርተር ኪዝ የታውንግን ሕፃን ከጎሪላና ከቺምፓንዚ ጋራ መደቡት። በ1938 ደግሞ በፒልትዳውን የቆመውን የመታሰቢያ ድንጋይ የመረቁት እርሳቸው ናቸው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለዚህኛው 41 ዓመት ፈጀ። በመሬት ውስጥ የተቀበረ ዐጥንት ፍሎሪን የሚባለውን ነገር ከውኃው ጥቂት በጥቂት ይስባል፤ በአንድ ስፍራ ከተቀበሩት የቈየው ብዙ፥ የቅርቡ ጥቂት ይኖረዋል ማለት ነው። ኬኔዝ ኦክሊ በዚህ ዘዴ በ1949 ቢመረምሩት፥ ዐጥንቱ እንደ ተባለው እጅግ ጥንታዊ ሆኖ አልተገኘም። በ1953 ከጆሴፍ ዋይነርና ከለ ግሮስ ክላርክ ጋራ ሆነው ሲፈትሹት ጥርሱ በሞረድ ተሞርዶአል፤ ዐጥንቱ ያረጀ እንዲመስል ተነክሮአል፤ መንጋጋውም የዝንጀሮ ነው። ኦራንጉታን የተባለው የሩቅ ምሥራቅ ዝንጀሮ መሆኑ በ2016 በወጣ የዘረ መል ምርመራ ተረጋግጦአል። ያው ምርመራ የአታላይነቱን ጣት በዳውሰን ላይ ቀስሮአል፤ ዳውሰን ግን በ1916 ሞቶ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ሰው የማከብረው ኪዝን ነው። በ1947፥ በ81 ዓመታቸው፥ ዳርት ትክክል እንደ ነበሩና እርሳቸው እንደ ተሳሳቱ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት በገዛ ስማቸው አወጡ። እኔ በዚያ ክፍል ውስጥ በአርባ ልጆች ፊት ይኸን ማድረግ አልቻልሁም።

በ1974 ደግሞ በእኛው አገር፥ በአፋር፥ ሐዳር ላይ ድንቅነሽ ተገኘች። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት ናት። ዳሌዋና ጉልበትዋ በሁለት እግር ትሄድ እንደ ነበረ ይመሰክራሉ፤ የወገኖችዋ አንጎል ግን ከቺምፓንዚ አንጎል ብዙ አይበልጥም። አስቀድሞ እግር፥ ኋላ አንጎል ማለት ነው፤ ዳርት እንዳሉት።

ጸሎቴን ዛሬም አልተውሁም። ነገር ግን የምሟገትለትን እምነት በግማሽ ታሪክ ስደግፍ መኖሬ ያሳፍረኛል፤ የውሸቱን ታሪክ ሳወራ የተያዘበትን እየቈረጥሁ አስቀር ነበርና።

ያ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኖአል፤ የት እንዳለ አላውቅም። ይኸን ገጽ ያነበበ እንደ ሆነ መልሱ ይኸው ነው፤ ውሸቱን የያዙት እነዚያው ዐጥንት መርማሪዎቹ ናቸው። ቀድሞም ዐውቀው ነበር።