ጥር 13 ቀን 1954፦ አንድ ጨዋታ እንዴት ታሪክ ይሆናል?

(በታሪክ ትምህርት ክፍል ከቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ የተወሰደ)



የዛሬው ገለጻ የሚያተኩረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ ባነሳበት ጨዋታ ላይ ነው። ዓላማዬ የድሉን ደስታ መድገም አይደለም፤ ያንን ሬዲዮና ጋዜጣ ለብዙ ዓመታት ሲሠሩት ኖረዋል። እኔ የማነሣው የታሪክ ባለሙያ ጥያቄ ነው። የአንድ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ ለትውልድ የሚተላለፍ ታሪክ የሚሆነው በምን ምክንያት ነው? ሌላው ጨዋታስ ስለ ምን ይረሳል? ካልተገለጸ በስተቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከመነሻው እንጀምር። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ወረራ በተጀመረበት ዓመት፣ በአራዳ ነው። መሥራቾቹም አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ናቸው። ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲካሄድ የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች የከተማይቱ ማኅበረሰቦች መልክ ነበሩ፦ የኢትዮጵያውያኑ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ያሸነፈው የእንግሊዞቹ ቡድን ነበር። እንግዲህ የሀገሪቱ የመጀመሪያ ሻምፒዮን የውጭ ጦር ቡድን ነው ማለት ነው። በዚያ ዘመን እግር ኳስ ማን በማን ከተማ እንደሚኖር፣ ማን ከማን እኩል እንደሆነ የሚታይበት አደባባይ ነበር።

በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ተካሄደ። ተሳታፊ እንዲሆኑ የታሰቡት ሱዳን፣ ግብፅ፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ግን ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን ያቀላቀለ ቡድን ለመላክ ባለመፍቀዷ ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያ የምትገጥመው እርሷን ስለነበር ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ደረሰች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው አድ-ዲባ በሚል ስም የሚታወቀው አጥቂ ነበር። በ1951 ዓ.ም. በካይሮ በተደረገው ሁለተኛው ዋንጫ፣ ያኔ የተባበረው ዓረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም የቀረበው የግብፅ ቡድን ኢትዮጵያን በድጋሚ 4 ለ 0 ረታ። ሱዳንም 1 ለ 0 አሸነፈችን። በሁለት ውድድሮች ሦስት ሽንፈት፣ ዘጠኝ ግብ ተቆጥሮብን አንድም አላስቆጠርንም። የ1954ቱን ፍጻሜ ትርጉም የሚሰጠው ይህ ሒሳብ ነው።

ሦስተኛው ዋንጫ በአዲስ አበባ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ተደረገ። ተካፋዮቹ አራት ነበሩ፦ አስተናጋጇ ኢትዮጵያ፣ የዋንጫው ባለቤት ግብፅ፣ እንዲሁም በማጣሪያ ያለፉት ቱኒዚያና ዩጋንዳ። እሑድ ጥር 6 ቀን ኢትዮጵያ ከቱኒዚያ ገጠመች። ሁለት ለባዶ ከተመራች በኋላ 4 ለ 2 አሸነፈች። ግብፅ ዩጋንዳን 2 ለ 1 የረታችው ግን ጥር 10 ቀን፣ በጥምቀት ዋዜማ ነበር።

ፍጻሜው እሑድ ጥር 13 ቀን ሆነ። ከተማዋ ታቦታቱን ሸኝታ ገና ከበዓሉ ስሜት አልወጣችም። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ አብዱልፈታህ ለግብፅ አስቆጠረ፤ እስከ 74ኛው ደቂቃ ድረስም የሚያስተካክል አልተገኘም። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ደስታው ሳይበርድ፣ በ75ኛው ደቂቃ፣ ያው ባዳዊ ሁለተኛውን አገባ። ሁለት ጊዜ በአራት ግብ የተረታ ቡድን በዚህች ቅጽበት ቢፈርስ ማንም አይፈርድበትም ነበር። ነገር ግን በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለት ለሁለት አደረገው። በጭማሪው ሰዓት፣ በ101ኛው ደቂቃ፣ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ አደረገ። በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ። ሉቺያኖም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ይህ ውጤት እንዴት ተገኘ? ስለ ጀግንነት ብቻ ማውራት የታሪክ ምሁር ሥራ አይደለም። ቀኖቹን እንቁጠር። ኢትዮጵያ ከግማሽ ፍጻሜው በኋላ ሰባት ቀን ዐርፋለች፤ ግብፅ ሦስት ቀን ብቻ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የካይሮ ተጫዋች ሳንባ ይህን አየር አልለመደም። ሁለቱ የመጨረሻ ግቦች በጭማሪው ሰዓት መቆጠራቸው ከዚህ ተነጥሎ ሊታይ አይገባም። ሆኖም ዕረፍትና ከፍታ ብቻቸውን ሁሉን አያስረዱም። ከመመራት ወደ አቻነት የተመለሰው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱም በመደበኛው ሰዓት ነው። ሁኔታዎች በሩን ከፈቱ፤ በሩን አልፎ የገባው ቡድኑ ነው።

የቡድኑን ስብጥር ደግሞ እንመልከት። መንግሥቱ የጊዮርጊስ ልጅ ነበር። ሉቺያኖ በአስመራ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ አባት ተወልዶ ለድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ቡድን የሚጫወት ሰው ነው። ይህም ቡድን በዚያው ዓመት የሀገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል። ከጎናቸው እንደ አዋድ መሐመድና ጌታቸው ወልዴ ያሉ ተሰልፈዋል። አሠልጣኛቸው ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ እርሳቸውም በኋላ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። በ1949 ደቡብ አፍሪካ ያልተቀላቀለ ቡድን ካላቀረብኩ ብላ ወጣች፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ዋንጫውን ያነሣው በዘርና በሃይማኖት የተቀላቀለ ቡድን ሆነ። ይህን ማንም አላቀደውም፤ ታሪክ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦልናል።

አሁን ወደ መዝገቡ እንምጣ። በአሜሪካ ቤዝቦል እ.ኤ.አ. በ1920 ቦስተንና ብሩክሊን ያደረጉት አንድ ጨዋታ አለ። መደበኛው ጨዋታ ዘጠኝ ዙር ሲሆን ያ ግን 26 ዙር ሄዶ፣ ጨለማ ስለወረደ 1 ለ 1 ተቋረጠ። ኳስ ወርዋሪዎቹ ሊዮን ካዶርና ጆ ኦሽገር ሳይቀየሩ እስከ መጨረሻው ወረወሩ። ከመቶ ዓመት በኋላ እያንዳንዱን ዙር ማወቅ የምንችለው ሄንሪ ቻድዊክ የተባለ ጋዜጠኛ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ያስፋፋው የጨዋታ መመዝገቢያ ሰንጠረዥ ልማድ ስለሆነ ነው። ድንቅ ሥራ በየሀገሩ ይሠራል፤ የሚቀረው ግን የተጻፈው ነው።

የእኛ መዝገብ ምን ይመስላል? የውጭ የስፖርት መዛግብት የዚያን ፍጻሜ ግብ አስቆጣሪዎች ሲዘረዝሩ ብዙ ጊዜ «ተክሌ፣ ቫሳሎ፣ ቫሳሎ፣ ወርቁ» ይላሉ። ለአውሮፓዊ አንባቢ ይህ የቤተሰብ ስም ነው። ለእኛ ግን ተክሌና ወርቁ አባቶች ናቸው። መዝገቡን እንደ ወረደ ብናነብበው ሁለቱን ግቦች ያስቆጠሩት አባቶች ናቸው ማለት ነው! ነገሩ ቢያሥቅም ቁም ነገር አለው። ታሪካችንን ሌሎች ሲጽፉልን ስማችን እንኳ ቦታውን ይስታል።

የሰዎቹ ዕጣም ከመዝገቡ ጋር የተያያዘ ነው። ሉቺያኖ በደርግ ዘመን ሀገር ጥሎ ወደ ጣሊያን ሄደ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ እዚያው ዐረፈ። መንግሥቱ ብሔራዊ ቡድኑን ለ1974ቱ የሊቢያ የአፍሪካ ዋንጫ አብቅቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለየ። ኢትዮጵያ በ1960 ዓ.ም. ዋንጫውን ዳግም ብታስተናግድም በግማሽ ፍጻሜው በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተሸንፋ አራተኛ ሆነች። ከሊቢያው ውድድር በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጀባት። የ1954ቱ ዋንጫ እስከ ዛሬ ብቸኛችን ነው። ስለዚህም በዝርዝር ሳይመረመር በዝማሬ ብቻ ሲወደስ ኖሯል።

ውድ ተማሪዎች፤ ይህ ሁሉ ለሆሳዕና ምን ይመለከታል? ዛሬ ሀዲያ ሆሳዕና በሀገሪቱ እግር ኳስ ስሙ የሚጠራ ክለብ ነው፤ በአብዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ሲሰበሰብ የኖረው ሕዝብም ለጨዋታው ያለውን ፍቅር ይመሰክራል። ከዚህ በፊት ግን በየትምህርት ቤቱ ሜዳ፣ በየገበያው ዳርቻ፣ በሀቢቾም ሆነ በሌሎች የሀዲያና የከምባታ ከተሞችና ቀበሌዎች የተጫወቱ ሰዎች አሉ። ታሪካቸው በሽማግሌዎች አፍ ላይ እንጂ በቤተ መዛግብት መደርደሪያ ላይ አይደለም። ሽማግሌ ሲሞት የሚቀበረው ብቻውን አይደለም።

ስለዚህ ሥራው ግልጽ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ሁሉ ቀረጸ ድምፅ ይዛችሁ ሂዱ። ተናጋሪው በሚቀለው ቋንቋ፣ በሀዲይኛም በከምባትኛም፣ ይናገር። ጨዋታው መቼ እንደነበረ ሲጠየቅ «የእንትን ድርቅ ዓመት» ቢላችሁ አትናቁት፤ በዚያ መነሻነት ዓመቱን ማግኘት የእናንተ ሙያ ነው። አንድ ሰው የነገራችሁን ከሌላው ጋር አመሳክሩ፤ ፎቶግራፍ ካለ ከጀርባው የተጻፈውን ጭምር ገልብጡ። ከሁሉም በላይ የተጫዋቹን ስም ከነአባቱ፣ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ጻፉ።

ግቡን ያገባው ልጁ ነውና።