ከዳኛ ፊት የሚያደርስ መንገድ

«በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» ይሉ ነበር አበው። ቃሉ ባዶ ማስፈራሪያ አልነበረም። ከሳሽ ተከሳሹን መንገድ ላይ አስቁሞ፣ ነጠላ ከነጠላ ተቋጥሮ፣ ሁለቱ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። አንባቢ ልብ ይበል፤ ከሳሹም ከተከሳሹ ጋር ታስሮ ነበር የሚጓዘው።

የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ይህን ጉዞ በሰዓት ለካው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ አለ፤ ከፍርድ ቤት በእግር ብቻ ከ48 ሰዓት በማያንስ ርቀት ላይ የተያዘ እንደሆነ ግን ዳኛው ጊዜውን እንዲያራዝም ፈቀደ። የዳሞትን ቆላና ደጋ ለሚያውቅ ሰው ይህ አንቀጽ ገጠሩ ታይቶ የተጻፈ ይመስለዋል። ያው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 29 የጦር አዛዥነቱንና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ሥልጣን ለንጉሠ ነገሥቱ አስቀረ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሞጣን፣ ቢቸናንና ዳሞትን ሲያስነሣ፣ የገበሬው አቤቱታ ዳኛ ዘንድ ሳይደርስ ጦር ደረሰበት፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በኋላ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ተማረ። ምሕረቱ ግን ለሞተው አልደረሰም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19 የ48 ሰዓቱን ደንብ፣ የመንገዱንም ጊዜ ጭምር ጠበቀ። በአንቀጽ 93 ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ እንዲያውጅ ፈቀደለት። ፓርላማው በሥራ ላይ ከሆነ አዋጁ በ48 ሰዓት፣ በእረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ ሊቀርብለት ይገባል። መርማሪ ቦርድም ይቋቋማል፤ የታሰሩትን ሰዎች ስም ከነምክንያቱ በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ ይገልጻል። መልካም ድንጋጌ ነው። ነገር ግን በአዋጅ ከማይነኩት አንቀጾች ዝርዝር ውስጥ አንቀጽ 19 የለም፤ የሕይወት መብት የተጻፈበት አንቀጽ 15ም የለም።

የሕግ ሰዎች ክርክር የሚነሣው ከዚህ ነው። አገራችን የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን የሕይወት መብት በምንም አዋጅ እንደማይታገድ ይናገራል፤ አንቀጽ 9ም የጸደቁ ስምምነቶችን የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርጋቸዋል። እንግዲያው ዝርዝሩ ዝም ቢልም ሕጉ ዝም አላለም የሚሉት ወገኖች ክርክራቸው የጸና ይመስለኛል። በአሜሪካም በ2004 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሐምዲ ጉዳይ፣ ዜጋ የሆነ እስረኛ በጦርነት ጊዜም ቢሆን የታሰረበትን ምክንያት በገለልተኛ ዳኛ ፊት ሊሞግት ይገባዋል ብሎ ፈርዷል።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በመከላከያና በፋኖ መካከል ውጊያው ሲበረታ፣ ክልሉም በመደበኛው ሕግ ማስከበር አልቻልኩም ብሎ ሲጠይቅ፣ አዋጅ ቁጥር 6/2015 ታወጀ። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝና አዋጁ እስኪያበቃ ማሰር ተፈቀደ። ፓርላማው በእረፍት ላይ ስለ ነበር 15ቱ ቀን ይቈጠር ጀመር። ነሐሴ 7፣ እሑድ ዕለት፣ ስሟ የሰላም መንገድ ማለት በሆነው በፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ ድብደባ ተፈጸመ፤ የሆስፒታል ምንጮች ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን ለዜና ወኪሎች ተናገሩ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ከፍኖተ ሰላም ጋር ቡሬን ጠቅሶ የሲቪሎችን ጉዳት አስታወቀ። ፓርላማው አዋጁን ያጸደቀው በማግሥቱ፣ ነሐሴ 8 ነው። በቀን ስሌት ከተሄደ ሕጉ አልተጣሰም፤ በዐሥራ አንደኛው ቀን መሆኑ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ በዚያው ወር መጨረሻ በአዋጁ ከአንድ ሺሕ በላይ ሰዎች መታሰራቸውን ገለጸ።

አዋጁ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ለአራት ወራት ተራዘመ፤ በግንቦት መጨረሻም ጊዜው አበቃ። ከዚያ ወዲህ 48ቱ ሰዓት እንደገና መቈጠር ነበረበት። ይሁን እንጂ በመስከረም 2017 ዓ.ም. በክልሉ የጅምላ እስር ተጀመረ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እስረኞቹ ከተያዙባቸው አራት ካምፖች አንዱ በዳንግላ መሆኑን ዘገበ፤ ዳንግላ ከቡሬ በሰላም ጊዜ በመኪና ሁለት ሰዓት አያስኬድም። ከታሰሩት መካከል ዳኞችም ነበሩበት።